የተነጠቅሁት ዳቦ

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ብርድ ዘንድሮም አጥንትሽን ይጋጠው ይሆን እያልሁ አስባለሁ። አባባስ ዓይናቸው ከጭሱ ተሻለው? ጎረቤታችን እትዬ አልጣሽስ አሁንም የራሷን ድስት ትታ የሰው ድስት ታማስላለች? እኔ የፈጣሪ ስም ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ደህና ሰው ማዕድ ባየ ቁጥር ምራቁ አይመርርበትም።

ይህን ደብዳቤ ከዱቄቱ ከረጢት ጋር ይዛልሽ የምትመጣው ባለቤቴ ፀሐይነሽ ናት። እኔ እንዳልመጣ ካፖ የሚሉት ጣልያን አለቃዬ የይለፍ ወረቀት ከለከለኝ። መንገዱ ላይ ሽፍታ በዝቷል ይላል፤ ሽፍታ የሚላቸው እነማን እንደሆኑ አንቺም እኔም እናውቃለን። መቼም አንቺ ፊደል አልቆጠርሽምና እንደ ወትሮው አባባ ያነቡልሻል። እንግዲህ አባባ፣ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅዎ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሆድና ከሆድ ስለሚወጣው ነገር ነው። ዳዊት በሚደግሙበት አፍ ይህን ማንበብ እንደሚቀፍዎ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቃል ሳይዘሉ ያንብቡላት፤ የልጄ የሞላልኝ ነፍስ በዚህ ወረቀት ላይ ናት።

የምሠራው የጣልያን ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ወጥ ቤት ሲባል እንዳንቺ ጓዳ ተጠርጎ የተወለወለ እንዳይመስልሽ። ወለሉ ቅባት ጠጥቶ ያንሸራትታል፣ ዝንቡ ከሰው ጋር ይጋፋል፣ የቆሻሻው ጉድጓድ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ነው። መኮረኒ የሚሉት ምግብ አላቸው። ከስንዴ ሊጥ የተሠራ ነው፤ ሲቀቀል ሰው ኮሶ ጠጥቶ የሚያወጣውን ነገር ይመስላል። እሱን ጠቅልለው ሲስቡት ቀይ ወጡ ባገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። አይብ የሚሉትም አለ፤ ሽታው ወር ሙሉ ካልወለቀ ጫማ የወጣ እግር ነው። እኔ ነኝ የማጥበው፣ ድስቱንም ሳህኑንም። የተረፋቸውን በበርሜል ገልብጠው ለእኛ ይተዉልናል፤ መኮረኒው ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ፣ የዳቦው ልብ ውስጥ የሰው ጥርስ አሻራ። ጓደኞቼ ይሻሙበታል። እኔም እያቅለሸለሸኝ እበላ ነበር፣ ረኀብ ማን ነህ አይልምና።

ከበላሁ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ሆዴ ይነፋል፣ እንደ ቦይ ውሃ ይንቋቋል፣ ከዚያ ሱሪዬን ይዤ ወደ አጥሩ ጀርባ። የሚወጣው ነጣ ያለ፣ ቅባት የሞላበት፣ የገማ እንቁላል የሚያስመሰግን ነገር ነው። የካምፑ ውሾች እንኳ አሽትተውት ዞር ይላሉ። ከሰው ሁሉ ተለይቶ የገዛ ሰውነቱን የሚጸየፍ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ ይኖራል? እንዲህ ነው የኖርሁት።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ሞላልኝን ጡት ሲጥል የኮምቦልቻ ወባ እንዳይነካው ብለን ወደ እናንተ ስንልከው ቆሞ ይሄድ ነበር። ትናንት ፀሐይነሽ እሱን አይታ ወረደች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሳለች እንዴት ነው አልኋት። ሆዱ ተነፍቶ ከበሮ አክሏል፣ እግሩ ቀጥኖ የዶሮ እግር ሆኗል፣ መቀመጫው ላይ ሥጋ አልቆ ቆዳው ተንጠልጥሏል፣ መሄዱንም ትቶታል አለችኝ። የለወጠችውን ጨርቁን በቅጠል ጠቅልላ ይዛው መጥታ ነበርና ቦርከና ወንዝ ወርደን አጠብነው። ከበታቻችን ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው እየተሳደቡ ወደ ላይ ተሻገሩ። እኔ ግን አፍንጫዬን አልያዝሁም። ሽታውን አወቅሁት፤ የራሴ ነው።

ደግሞ ምን እያደረጋችሁለት እንደሆነ ነገረችኝ። ጠዋት የገብስ አጥሚት፣ ቀትር ላይ በሶ በቅቤ፣ ማታ ገንፎ። በባሰበት ቁጥር ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፣ ያጠነክረዋል እያልሽ ትጨምሪለታለሽ አሉ። አንዱ ደግሞ ቡዳ ነው ብሎ ሥር አኝኮ ልጄ ፊት ላይ እንትፍ አለበት አሉ። ያ የቢጫ ጥርስ ምራቅ በልጄ ዓይን ላይ ሲወርድ ታየኝና የበላሁትን መለስሁ። ጠበል ወስዳችሁት ሱባዔ የገባችሁ ጊዜ ግን ተሽሎት፣ ስቆ፣ ግድግዳ ይዞ ቆሞ ነበር አለችኝ። ጠበሉ ነው ያዳነው ብላችሁ ወደ ቤት ስትመልሱት ተመልሶ ወደቀ። እናቴ፣ የጠበሉን ኃይል አላቃልልም። ግን እዚያ ስትሰነብቱ ለልጁ ያበላችሁት የጤፍ እንጀራና የሽምብራ ሽሮ ብቻ እንደነበረ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ገብስ አልነበረም።

እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ገብስና ስንዴ በዚያ ልጅ አፍ እንዳይገባ። በሶም፣ ቆሎም፣ ዳቦም፣ ብቅል የነካው ጠላም። ፀሐይነሽ የያዘችው ከረጢት ንጹሕ ማሽላና ጤፍ ነው፤ ከእሱ ቂጣውንም አጥሚቱንም ሥሪለት። ይህ ምን ዓይነት ምክር ነው፣ የማን መድኃኒተኛ አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ያመጣውን ሰው ልንገርሽ።

ከደጋን ሽንኩርትና በርበሬ በግመል ጭነው ለካምፑ የሚያቀርቡ ሸህ ዘይኑልአቢዲን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በጥር አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ ተንበርክኬ ላብ ሲያጠምቀኝ ደረሱብኝ። እኔ በሐፍረት መሬቱ በተሰነጠቀልኝ አልሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውንም አላዞሩ። ስንዴ በልተህ ነው አይደል ልጄ አሉኝ። በምን አወቁ ብላቸው፣ ወላሂ ይህንን ሽታ አላጣውም፣ አባቴም ወንድሜም እንዲህ ነበሩ አሉና ከኮረጇቸው የማሽላ ቂጣ አውጥተው ሰጡኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የካምፑ ፍርፋሪ ሥጋና ቅቤ የነካው ስለሆነ ጭራሽ ተውሁት። ሸህ ዘይኑልአቢዲን በመጡ ቁጥር በሚያመጡልኝ ማሽላና በፀሐይነሽ ሽምብራ ጾሙን ያዝሁ። እናቴ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ዝም አለ። ጉንጬ ሞላ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጾሙ ነው የፈወሰኝ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ልጾም ስእለት ልገባ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ፋሲካ ደረሰ፣ ፀሐይነሽ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ ቡራኬ ነው ብዬ ጠግቤ በላሁ። ከዚያማ ትንሣኤውን ያሳለፍሁት ከአጥሩ ጀርባ ነው።

ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ሳቁና የቤታቸውን ነገር አጫወቱኝ። በእነሱ ዘር ስንዴና ገብስ እርም ነው። አገሩ ሁሉ ያውቅላቸዋል፤ ሠርግ ቢጠሩ እንኳ የእነሱ ማሽላ ለብቻው ይጋገራል። የአያታቸው አባት ሸህ ነበሩና ሰዎቹ ሸሁ በክፉ ዘመን ምለው የጣሉት እርም ነው ይላሉ። ሸህ ዘይኑልአቢዲን ግን እኔ ስመረምረው እርሙ ሆዱን አላመጣም፣ ሆዱ ነው እርሙን ያመጣው አሉኝ። ከአንድ ማሕፀን ከወጡት አንዱን ይይዛል አንዱን ይተዋል፣ ደም ውስጥ ተደብቆ ይሄድና ከልጅ ልጅ ላይ ብቅ ይላል። እሳቸውን ትቷቸዋል፤ ስንዴውን የማይበሉት ላባታቸው ክብር ሲሉ ነው። ታናሽ ወንድማቸውን ሙሄዲንን ግን አልተወውም። አላህ ይርሀመው፣ አለፈ አሉ። ልጅ አልተካም ሲሉ ሰማኋቸው። ወዲያው ደግሞ፣ በቤታችን የምናውቀው ልጅ አልተካም ብለው ቃላቸውን አረሙት።

ከዚያ እናትህ የየት ሰው ናት አሉኝ። እኔም ምንም ሳልጠረጥር፣ የደሴ ናት፣ በሰገሌ ጦርነት ጊዜ ከተማው ሲዘረፍ አባቴም ከታቦቱ ጋር ዘምተው ሞቱ ተብሎ መርዶ ሲመጣ ወደ ደጋን ሸሽታ ነበርና ባዳ አይደለንም አልኋቸው። ስሟን ጠየቁኝ። ስምሽን ነገርኋቸው።

የታሰረውን ጭነት ፈትተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። ያቺ ሴት ቤታችን ነበረች፣ አንድ በጋ አብራን ከረመች፣ ጨዋ ሴት ናት፣ አንዳች ክፉ ነገር እንዳታስብባት አሉኝ። ሞተ የተባለው ባሏ ከምርኮ ተርፎ ሊወስዳት የመጣ ጊዜም፣ ወንድሜ ሙሄዲን ራሱ ነው በበቅሎው አስቀምጦ እስከ ዳገቱ የሸኛት አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በቸኮለ ወር፣ ዘጠኝ ሳልሞላ እንደተወለድሁ አንቺው ስትነግሪኝ ነው ያደግሁት።

ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን ገላዬ ቀፈፈኝ መሰለሽ። ጥፍሬን አያለሁ፣ የማን ጥፍር ነው እላለሁ። ፊቴን ስታጠብ እጄ ላይ የሌላ ሰው ፊት ያረፈ ይመስለኛል። ሰው ካባቱ አፍንጫ ይወርሳል፣ አካሄድ ይወርሳል፣ ርስት ይወርሳል፤ እኔ አንጀት ወረስሁ። ስለ መርዶው ዘመን አንቺን አልወቅስም፤ ባሏ ሞተ የተባለች ሴት በሰው አገር ምን ትሁን? የመረረኝ ሌላ ነው። የመረረኝ ማወቅሽ ነው።

አንድ በጋ ሙሉ ሰው ዳቦ ሲቆርስ ሙሄዲን ለብቻው ማሽላ ሲበላ አይተሻል። ቢሳሳት ምን እንደሚሆን አይተሻል። እኔ መጀመሪያ ዳቦ ቀምሼ ስወድቅ ሽታውን ከማንም በፊት ያወቅሽው አንቺ መሆን አለብሽ። እንግዲያስ ለምን አበላሽኝ? እትዬ አልጣሽ ፊት፣ የክርስትና አባቴ ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ዳቦ እየቆረስሽ ታጎርሺኝ ነበር። ያን ጊዜ ከፍቅር ይመስለኝ ነበር። ልጄ እንዳባቱ ዳቦ ይወዳል ትዪ ነበር፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ ከጓሮ ሆዴን ይዤ እጮኻለሁ። አሁን ይህን ሳስብ የዚያ ዳቦ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣና ያስመልሰኛል። ፀሐይነሽ ደግሞ ሳታውቅ ነገረችኝ፤ ሞላልኝን በሶ ስታጎርሺው እንዳያቱ ገብስ ይወዳል ትያለሽ አሉ።

እናቴ፣ በልጄ አንጀት መሐላ አይማል። ይበቃል። የሚመሰክርልሽ አላጣሽምና ሕፃን አታስመስክሪ። ጎረቤት ያለውን ይበል። እትዬ አልጣሽ የቄስ ቤት ልጅ እንዴት ገብስ አይበላም ብላ ብትጠይቅ፣ አይስማማውም በያት፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ሆዱ የማንም ይሁን የማን፣ ልጁ የእኛ ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላደርገው አልፈለግሁም ነበር። ወረቀቱ በማን አፍ እንደሚነበብ አውቃለሁና መጀመሪያ ለፀሐይነሽ ነግሬ በጆሮሽ እንድታንሾካሹክልሽ አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። ዛሬ ጠዋት ጭነት ይዘው ሲመጡ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ሊወስዳት የመጣው ቄስ እኛ ቤት አረፈ አሉ። ዳቦ ተቆረሰለት። ሙሄዲን ማሽላውን ይዞ ከጎኑ ተቀመጠ። ቄሱም ወንድሜ ለምን ከዳቦው አትቆርስም አለው፣ ሙሄዲንም የዘሩን ነገር እንዲህ እንደኔ ቁጭ ብሎ አጫወተው አሉኝ።

አባባ፣ እንግዲህ የቀረው ለእርስዎ ነው።

ልጅ ሳለሁ እርስዎን እጸየፍ ነበር። ዛሬ ልንገርዎ። በየበዓሉ እማዬ የሰጠችኝን ዳቦ ከእጄ ነጥቀው አፍዎ ይከቱት ነበር። ሳልጨርሰው፣ አንዳንዴም አኝኬ ሳልውጠው ከአፌ አውጥተው። ከጢምዎ ላይ የኔ ምራቅ የነካው ፍርፋሪ ተንጠልጥሎ ሲቀር ሳይ ይቀፈኝ ነበር። ልጆቹ አባትህ ሆዳም ቄስ ነው ሲሉኝ አልተጣላኋቸውም፤ እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። በምትኩ ቆላ ወርደው ያመጡትን ጤፍና የሽምብራ ንፍሮ ሲሰጡኝ ለሌላ ልጅ የማይሰጥ የድሀ ምግብ መሰለኝ። እማዬ ለልጅ ዳቦ ይነፈጋል ወይ ብላ ስትጮህብዎ፣ ሆዱን እኔ አውቀዋለሁ ይሉ ነበር። ከየት እንዳወቁት ማንም አልጠየቀዎትም።

ቅዳሴ የተዉትና ለልጆች ፊደል ማስቆጠር የያዙት ሰገሌ ላይ ጣትዎ ስለቆሰለ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እማዬ ደግሞ አባትህ በገዛ እጃቸው አጠመቁህ እያለች ትኮራብኛለች። እኔ የተወለድሁት ከሰገሌ በኋላ ነው። ያጠመቀኝ እጅ ያው የቆሰለው እጅ ነው፤ መስቀል ይዞበታል፣ ውሃ ባርኮበታል። ታዲያ መቅደስ መግባት የተዉት መቼ ነው? እኔ ዳቦ ቀምሼ በወደቅሁበት ዓመት ነው። በትዳሩ ላይ የደረሰ ምን ዓይነት ነገር ቄስን ከመቅደስ እንደሚያስቀር፣ የቄስ ልጅ ነኝና አላጣውም። እርስዎ አንድም ሰው ሳያስወጣዎት ራስዎ ወጡ፤ ምክንያቱንም በጣትዎ ላይ ጣሉት። ከቤትዎ ግን አልወጡም፤ እማዬንም አላስወጡም፤ የእኔንም ሆድ ለማንም አላሙም።

ሁለታችሁም ይህን ያህል ዘመን አንዳችሁ ለአንዳችሁ ስትደብቁ ኖራችኋል። አሁን ድምፅዎ ቢቆም፣ እማዬ ይቀጥሉ እንዳትልዎት እጇን ይያዙላት። የቀረው ትንሽ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እማዬ ልቧ ደግ ነው፤ ልጁ ሲያለቅስባት ትረሳና ዳቦ ትሰጠዋለች። ያኔ እኔን እንዳደረጉኝ ያድርጉት። ከእጁ ይንጠቁት፣ ከአፉም ያውጡበት፣ ፊቱ ላይ ይብሉበት። ያለቅሳል፣ ይጠላዎታል፣ ሆዳም ይልዎታል። ይበልዎት አባባ። አድጎ ይገባዋል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ እናቴ፤ የአባባንም ዓይን ያብራልኝ። ለሞላልኝ ሁለት ጉንጩን ሳሙልኝ፤ ሽታውንም አትጸየፉብኝ። ሰላሙን ያምጣልንና ቆሞ ሲሄድ እንድናየው አብሮ ያድርሰን።

የሁለታችሁ ልጅ